«ሽፍታው» ሽቶ የሴት ነው!

ሽቶ ቤት ስንገባ የምንሰማው አንድ ነው፤ «እሱ የወንድ ነው፣ ላንቺ ይሄኛው ይሻላል።» ለእሷ አበባና ቫኒላ፣ ለእሱ ቆዳ፣ ትምባሆና ጭስ። ይህን ድልድል የደለደለው ማነው?

ምስክር እንጥራ። «ባንዲት» ይባላል፤ በአማርኛ ሽፍታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ለፓሪሱ የፋሽን ቤት ለሮበር ፒጌ የቀመመችው ሴት ናት፤ ጀርሜን ሴሊዬ። የቀመመችውም ለሴቶች ነው። ሲረጩት መራራ ቅጠል ይቀድማል፣ ጃስሚን ይከተላል፣ ከዚያ ቆዳው ይመጣና አልሄድም ይላል። ደፋር ነው፤ ማንንም አይለማመጥም።

ደግሞ ውስጡ ቆዳ የለም! ያንን የቆዳ ጠረን በዋናነት የሚሰጠው አይሶቡቲል ኪኖሊን የተባለ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ኬሚካል ነው። ኬሚካል ፆታ የለውም። ፆታ የሚለጥፍበት ነጋዴው ነው።

«ይከብዳል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ታክሲ ልትገቡ ስትሉ አምስት ጊዜ አትርጩት። የማይወደው ሰው በግድ ይውደደው አላልንም። ግን ሴት ልጅ ሁሌ ኬክ ኬክ መሽተት አለባት ያለው ማነው? ሴሊዬ ከ80 ዓመታት በፊት መልሳዋለች። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የወደዳችሁትን ተቀቡ!