በሕክምና ስም የተፈጸመ ግፍ

በካሊፎርኒያ በሐኪም ፊርማና በፍርድ ቤት ማኅተም በሜክሲኮ-አሜሪካውያን ላይ የተፈጸመውን ግፍ አወግዛለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1979 ጸንቶ በቆየው የግዛቲቱ የማምከን ሕግ፣ በመንግሥት የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። የስፓኒሽ የቤተሰብ ስም የነበራቸው ከሌላው ይልቅ በብዛት ቢላ አርፎባቸዋል። በፖሞና አቅራቢያ በነበረው ፓሲፊክ ኮሎኒ፣ በእንግሊዝኛ የቀረበለትን የማሰብ ችሎታ ፈተና የወደቀ ወጣት «አእምሮው ደካማ» ተብሎ ለማምከን ይመዘገብ ነበር። በ1939 አንዲት የሜክሲኮ ዝርያ ያላት እናት «ልጄን አትንኩብኝ» ብላ ተሟገተች። የይግባኝ ዳኞች አቤቱታዋን ጣሉት። ልጅን ከእናቷ በላይ ማን ያውቃታል?

ይኸው ሚዛን ትምህርት ቤትም ገባ። በሞንተሬይ አውራጃ ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዝግመት ላለባቸው በተመደበ ክፍል ተቀመጡ። «ዳያና» በሚባለው የ1970 ክስ ስማቸው የቀረበው ዘጠኝ ልጆች በስፓኒሽ ሲፈተኑ አብዛኞቹ የዝግመቱን ወሰን አለፉ።

ዛሬ ቢላው ቢሰበሰብም ማድመጡ ገና ነው። ክፉኛ ደንግጣ ነፍሷ ከሥጋዋ የወጣች የሚመስላት ስፓኒሽ ተናጋሪ እናት «ሱስቶ ያዘኝ» ትላለች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ይህን ሕመም በስሙ አስፍሯል፤ ታማሚዋ ሕመሟን እንዴት እንደምትረዳው የሚጠየቅበትንም ቃለ መጠይቅ አዘጋጅቷል። ተርጓሚ በሌለበት ክፍል ግን ማን ይጠይቃት? ልጇ ነው የሚጠራው። እናቱ መሞት እንደምትሻ ለሐኪም እንዲናገር ሕፃንን ማስገደድ በደል ነው፤ በሁለቱም ላይ። የፌዴራል ደንብ በ2016 ከአስቸኳይ ጊዜ በቀር ሕፃንን በአስተርጓሚነት መጠቀም ከልክሏል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለአማርኛ ተናጋሪ እናቶቻቸው ያስተረጎሙ ልጆችም ይህን ሸክም ያውቁታል።

በጥር 2025 ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊስ በሆስፒታልና በቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳይዝ ይገድብ የነበረው መመሪያ ተሻረ። የተጨነቀ ሰው ሊታከም ሲመጣ በር ላይ ሌላ ጭንቀት አቆሙበት።

ይህን መመሪያ የሻሩትን አወግዛለሁ። የተርጓሚን ደመወዝ እንደ ትርፍ ወጪ የሚሰርዙ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎችንም እንዲሁ። ካሊፎርኒያ እንዲመክኑ ለተደረጉት ካሳ የፈቀደችው በ2021፣ አብዛኞቹ ካረፉ በኋላ ነው፤ ዛሬ በልጇ አንደበት የምትታከም እናት ያን ያህል መጠበቅ የለባትም።