«ሲስተም የለም» በሚባልበት አገር ኪሳችንን ለስልክ አስረከብን!

ጎበዝ! አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ የዳበሳችሁት ምንድን ነው? ቦርሳ? መታወቂያ? የቤት ቁልፍ? አትዋሹኝ፣ ስልካችሁን ነው! ቦርሳውን ረስቶ የወጣ ሰው «ምን ችግር አለ፣ ስልኬን ይዣለሁ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ስልኩን የረሳ ግን ከታክሲ ወርዶም ቢሆን ይመለሳል። እኔም ተመልሼ አውቃለሁ። ያውም እየሮጥኩ!

ይህን የምጽፈው «ስልክ ይጥፋ፣ ወደ ድሮው እንመለስ» ለማለት አይደለም። ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ፣ በየዝግጅት ክፍሉ ደጃፍ ጽሑፍ እያዞርኩ የምኖር ሰው ነኝ። ጽሑፌን የምልከው በስልክ ነው፤ ክፍያዬም (ሲከፈለኝ!) የሚገባልኝ በስልክ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ጥሬ ገንዘባችንን አስጥለው ስልክ ያስያዙን ሰዎች፣ ስልኩ የተዘጋ ዕለት ዳቦ በምን እንደምንገዛ ነግረውናል ወይ?

በቅርቡ፣ ስሙን ወደማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ወረቀት የአገልግሎት ክፍያ ልከፍል ሄጄ ነበር። ከፊቴ ዕድሜያቸው ሰባን የሚሆን እናት ቆመዋል። ተራቸው ሲደርስ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ብር አወጡና በመስኮቱ አሾለኩ።

«ማዘር፣ ካሽ አንቀበልም» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«በሞባይል ነው የሚከፈለው። የሚከፍልልዎት ልጅ የለዎትም እንዴ?»

«ልጅማ አለችኝ። ዓረብ አገር ናት።»

እግዜር ያሳያችሁ! የብሔራዊ ባንክ ገዥ የፈረመበት የኢትዮጵያ ብር፣ በኢትዮጵያ ዋና ከተማ፣ ለሕዝብ አገልግሎት በተከፈተ መስኮት ላይ «አንቀበልም» ተባለ። የሌላ አገር ገንዘብ ይዘው የመጡ ይመስል! ደጅ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልክ ይዞ ተቀምጧል፤ ስልክ ለሌለው ሰው እየከፈለ ሃያ ሃያ ብር «የሻይ» ይቀበላል። ድሮ ማመልከቻ ጸሐፊ በሚቀመጥበት ቦታ ዛሬ ስልክ ነኪ ተቀምጦበታል ማለት ነው።

«ይተውት እማማ፣ እኔ ልክፈልልዎት» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ነካሁት። ዞረ… ዞረ… ዞረ። ቀና ብዬ ልጅቷን ሳያት ትከሻዋን ነቅንቃ «ሲስተም የለም» አለችኝ። ልብ በሉ! ብር አለ፤ ከፋይ አለ፤ ተቀባይ አለ፤ መስኮቱም ክፍት ነው። የጠፋው ሲስተም ብቻ ነው። እሱ ስለጠፋ ግን ሁላችንም እንደሌለን ተቆጥረን ተመለስን።

እማማ ብራቸውን መልሰው እየቋጠሩ «ልጄ፣ ይኼ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ ነገ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን በመሳቄ አፈርኩ።

እንግዲህ እዚህ እንዴት እንደደረስን እንይ። ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልክ መያዝ የባለጠጋ ምልክት ነበር፤ የሌለው ሰው ግን የቀረበት ወሬ እንጂ ዳቦ አልነበረም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ተከተለ። ባንኮቹ በየበኩላቸው በስልክ የሚሠራ አገልግሎት አወጡ። መብራት በስልክ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በስልክ፣ የትራፊክ ቅጣት በስልክ ሆነ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ከሰልፍ አውጥቶናል፤ ክፍለ ሀገር ላለ ወላጅ በአንድ ደቂቃ ብር ማድረስ አስችሎናል። ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ይድረሰው!

ክፋቱ የጀመረው «ትችላላችሁ» የተባለው ነገር «ትገደዳላችሁ» የሆነ ዕለት ነው። በሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ክልሎችም ተከተሉ። «መኪና የለኝም፣ ቤንዚን ምን አገባኝ» የሚል ይኖር ይሆናል። ታክሲ ትሳፈር የለም ወይ? የምትበላው ሽንኩርት በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣ የለም ወይ? ድሮ ማደያ ላይ የምንጠብቀው ቦቴ ነበር። አሁን ቦቴም ኔትወርክም እንጠብቃለን። ቦቴው ደርሶ ኔትወርኩ ከሄደ ሾፌሩ ቤንዚኑን አጠገቡ እያየ ይቆማል።

ምሳ ቤት ገብታችሁ ደግሞ ሒሳብ ክፈሉ እስቲ።

«ገባልሽ?»

«አልገባም።»

«እኔ ጋ ተቆርጧል እኮ!»

«እኔ ጋ አልመጣማ!»

አስተናጋጇም ታፍራለች፤ ከፋዩም ያፍራል። በዐይን ተያይቶ መተማመን ቀርቶ ስክሪንሾት ምስክር ሆነ። ምስክሩም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል፤ ያልተላከውን ብር የተላከ የሚያስመስል አጭበርባሪ ስላለ ቸርቻሪው ማንን ይመን?

ወጪውስ? መቶ ብር ከኪስ ሲወጣ ጣት ይሰማዋል። ቆጥረህ ነው የምትሰጠው። በስልክ ሲወጣ ግን ቁጥር ነው የሚቀንሰው። አርባዋም፣ ሰማንያዋም፣ የጥቅሉም፣ የውርርዱም «ቲን» እያለች ትሄዳለች። ወሩ ሳይጋመስ ቁጥሩ ሲያልቅ ደግሞ እዚያው ስልክ ላይ ብድር ይጠብቃችኋል። አንዱን ብድር «እንደኪሴ» ብለውታል፤ ሌላውን «መላ»። ስሙን ያወጣው ሰው ሊሸለም ይገባል! ኪሴማ ባዶ ስለሆነ አይደል የምበደረው? የድሮው ባለሱቅ ዱቤ ሲሰጥ ፊትህን አይቶ «አሁንስ በዛ» ይልህ ነበር። ስልክ እንዲህ አይልም።

ደግሞ መሣሪያው ራሱ ስንት ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። ስልኩ ወይ ከውጭ ይመጣል፣ ወይ በውጭ ዕቃ እዚህ ይገጣጠማል። ታዲያ መንግሥት በአንድ እጁ «በስልክ ካልከፈልክ አላስተናግድህም» እያለ፣ በሌላው እጁ ስልኩን ደሃ የማይደርስበት ቆጥ ላይ ሲሰቅለው ምን እንበል? ወደ ገበያ የሚያስገባው በር ላይ መግቢያ ትኬት ተቆርጧል ብንል ይፈረድብናል?

«በተራ ስልክም በ*127# ይሠራል፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ማንበብ ለማይችል ሰው ይሠራል? ዐይኑ ለደከመ ሽማግሌ ይሠራል? ኔትወርኩ ጭራሹን ሲጠፋስ?

ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ይህ ኔትወርክ እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚመጣና የሚቀር አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያው በሰው እጅ ነው። ታሪካችንን እንቁጠር። ከ1997 ምርጫ በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ከሁለት ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገሩ በሙሉ ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ከረመ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልኩም ባንኩም ተዘጋ፤ ለረጅም ጊዜ ሕዝብ በገዛ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ገንዘቡን ማውጣት አቃተው። ባንክ ብር እያለው የተራበ ሰው ነበር! በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለወራትም አልተመለሰም።

ድሮ መስመር ሲዘጋ የሚዘጋው አፋችን ነበር። ዛሬ መስመር ሲዘጋ ጉሮሯችን ነው የሚዘጋው። ባለሥልጣኑ «ለጸጥታ ሲባል» ብሎ ማጥፊያውን ሲጫን የሚያጠፋው ፌስቡክ ብቻ ይመስለው ይሆናል። እሱን ተከትሎ ግን የባለሱቁ ሽያጭ፣ የሾፌሩ ቤንዚን፣ የታማሚው መድኃኒት አብሮ ይጠፋል። ኢትዮ ቴሌኮም አብዛኛው ድርሻው የመንግሥት ነው። ማጥፊያውን የሚጫነውና «በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ» የሚለው እንግዲህ አንድ ቤት ነው። የቤታችንን በር ቁልፍ ለአንድ ሰው ሰጥተን፣ ቆልፎብን ሲሄድ በመስኮት የምንወጣበትንም መንገድ ለሱ ሸጥንለት!

«ሌላው ዓለም ሠልጥኖ ወረቀት ትቷል» ይሉናል። ይሁን፣ ከሌላው ዓለም እንማር። ስዊድን ጥሬ ገንዘብ ከቀነሱ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ይኸው ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትልልቅ ባንኮቿ የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ በሕግ አስገድዳለች። ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሬ ገንዘብ እቤታቸው እንዲያስቀምጡም ዜጎቿን ትመክራለች። መብራት የማይጠፋበት አገር ለመጠባበቂያ ሲያስብ፣ መብራቱ በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ የማይታወቅበት አገር መጠባበቂያውን ጥሎ ይሮጣል። «ያልበላውን ያካል» ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ይሁን። አንደኛ፦ ለሕዝብ አገልግሎት በሚሰጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ መስኮት ጥሬ ገንዘብ ይቀበል። አንድ መስኮት ብቻ! ሁለተኛ፦ ሲስተም የሌለ ዕለት ቅጣቱ በሰነፉ ሲስተም ላይ እንጂ በባለጉዳዩ ላይ አይውደቅ፤ የክፍያ ቀነ ገደብ አልፎበት መቀጮ የሚጨመርበት ዜጋ አይኑር። ሦስተኛውና ትልቁ፦ ኔትወርክ በአንድ ባለሥልጣን የስልክ ትእዛዝ መዘጋቱ ይቁም። ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሰው ቤት አይፈተሽም ይባላል፤ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ የአንድ አገር ሕዝብ ኪስ እንዴት ይታሸጋል?

ይህን መጠየቅ የሥልጣኔ ጠላት አያሰኝም። ሁለት በር ያለው ቤት የሠራ ሰው ብልህ እንጂ ኋላ ቀር አይባልም።

በማግስቱ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሲስተሙ መጥቶ ነበር። ከፈልኩ፣ ወረቀቴን ተቀበልኩ፣ ዞር ዞር ብዬ እማማን ፈለግሁ። አላገኘኋቸውም። ለታክሲ የሚሆን አጥተው ይሆን፣ ወይ ሰልችቷቸው ይሆን፣ ማን ያውቃል? ስልክ ስለሌላቸው ደግሞ ደውዬ «እማማ፣ ሰውዬው መጥቷል» ልላቸው አልቻልኩም።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን!