አንዱን ቆልፈን ወይስ አምስቱን ተካፍለን?

ሰሞኑን በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማዘጋጃ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ የሥዕል ታብሌት ይገዛ ወይስ አይገዛ በሚለው ላይ አይደለም፤ በመገዛቱስ ሁሉም ተስማምቷል። ያጨቃጨቀው ምን ዓይነት ይገዛ የሚለው ነው። ከፊሎቹ መምህራንና ሠልጣኞች “ከተገዛ አይቀር ትልቁ፣ ስክሪን ያለው ይገዛ” ይላሉ። እኛ በሥነ ውበት ትምህርት ክፍል የምንገኝ ጥቂት ሠልጣኞች ደግሞ ትንንሾቹና ስክሪን የሌላቸው፣ ቁጥራቸውም በርከት ብሎ ይገዙ እንላለን። ሐሳባችንን በስብሰባው ላይ ለመግለጽ ሞክረን ነበር፤ ግን ሰዓቱ አለቀና ሳንጨርስ ተነሣን። ስለዚህ በዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ዘርዘር አድርገን ማቅረቡን መረጥን። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው ዕትም መልሱን ይጻፍልን።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ታብሌት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ያንን በጣት የሚነካካውን፣ ትልቅ ስልክ የሚመስለውን ነው። የምንነጋገርበት እሱ አይደለም። የሥዕል ታብሌት ማለት በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያያዝ ዝርግ ሰሌዳና የራሱ ብዕር ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተሳለው በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ይወጣል። ባለ ስክሪን የሚባለው ዓይነት ደግሞ ብዕሩ በሚነካው ቦታ ላይ ሥዕሉ ራሱ የሚታይበት ነው። ነገሩም የትናንት አይደለም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ሰሌዳውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር፤ መሳያው በየጎኑ 10 ኢንች የሆነ ካሬ ሲሆን፣ ዋጋው 18,000 ዶላር ያህል ስለነበር ከምርምር ቤት ውጭ የሚያልመውም አልነበረም። ዋኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በእነዚያው ዓመታት ብዕሩ ከገመድ ተላቀቀ፤ ዛሬ ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ባትሪ እንኳ የለውም። ሰሌዳው በሚያወጣው መግነጢሳዊ ኀይል ብዕሩ ውስጥ ያለች የመዳብ ጥቅል ትነቃና ያለችበትን ቦታ መልሳ ትነግረዋለች። ባትሪ እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ለምንመደብ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለ ስክሪኑ ይገዛ የሚሉት ወገኖች ባዶ ሐሳብ አላነሡም። ስክሪን በሌለው ሰሌዳ ሲሳል እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ኮምፒዩተሩ ላይ ነው። ለጀማሪ ይህ በጣም ያስቸግራል። እኛም ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከመካከላችን አንዱ ባመጣት አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ስንለማመድ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መሣቂያ አድርገውናል። የቤት ጣራ ስንስል ጣራው ከግድግዳው ሁለት ጣት ርቆ ይንሳፈፋል፤ መስመሩ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል።

መላ የሆነን የገዛ ፊደላችን ነው። ፊትና ዛፍ ለመሳል መታገሉን ተውንና ሀ ሁ ሂ እያልን ገበታውን በሙሉ መጻፍ ጀመርን። የፊደልን ቅርጽ እጃችን ከልጅነት ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ ዓይን ባይከተለውም መንገዱን አይስትም። አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ስንጽፍ ሰነበትን፤ በሁለተኛው ሳምንት እጃችንን ማየት ረሳነው። ለነገሩ ማውስ ስንለምድስ እጃችንን እያየን ነበር እንዴ? ስለዚህ የእጅና የዓይን መለያየት የሁለት ሳምንት ችግር ነው፤ ለሁለት ሳምንት ችግር ደግሞ የአራት ወይም የአምስት ትንንሽ ሰሌዳዎች ዋጋ መክፈል ይገባል ወይ? ባለ ስክሪኑ አንዱ ይህን ያህል ያወጣልና።

አንድ ያሳፈረን ነገርም አለ፤ ሌላው እንዳይሳሳት እንናገረው። ለአንደኛ ክፍል ትምህርት የሚሆን ፀሐይ ልንስል ክብ ስናዞር ወደ ጎን የተለጠጠ እንቁላል ይወጣል። ደግመን ብናዞር ያው እንቁላል። አንድ መምህራችን አይተው “ይቺ ፀሐይ ከዶሮ ቤት ነው እንዴ የወጣችው?” ብለው ሣቁብን። እኛም ጥፋቱን በእጃችን አሳብበን ቀናት አባከንን። በኋላ ሲመረመር የሰሌዳችን መሳያ 152 ሚሊ ሜትር በ95 ነው፤ ይኸውም 16 ለ10 ማለት ነው። የኮምፒዩተሩ ስክሪን ግን 16 ለ9 ነው። ሰሌዳው በሙሉ በስክሪኑ በሙሉ ላይ ሲዘረጋ ሥዕሉ ወደ ጎን ይለጠጣል። በሰሌዳው ማስተካከያ ላይ ምጥጥኑ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ምልክት አለ፤ እሱን ስናበራው ከሰሌዳው ቁመት 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሥራ ፈታ፣ ፀሐይዋም ክብ ሆነች። ደግሞም ሰሌዳው በማውስ ስልት ሳይሆን በብዕር ስልት መሥራቱን ማረጋገጥ ያሻል፤ የሰሌዳው ጥግ ሲነካ ጠቋሚው ወደ ስክሪኑ ጥግ መሄድ አለበት። ከዚህ በፊት የሌላ ፋብሪካ ታብሌት በተሰካበት ኮምፒዩተር ላይም አስቀድሞ የአሮጌውን ድራይቨር ማጥፋት ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ ብዕሩ እንደ ልቡ ይዘላል።

ግዢውን የሚፈጽሙት ክፍሎች ሣጥኑ ላይ በሚጻፈው ቁጥር እንዳይታለሉ አደራ እንላለን። 2048፣ 4096፣ 8192 የሚሉት ቁጥሮች ብዕሩ የእጅን ጫና በስንት ደረጃ ከፍሎ እንደሚለይ ያመለክታሉ። በርካሹ ላይ 8192 ተጽፎ፣ ከእሱ በሚወደደው ላይ 4096 ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ደህናውን ከመጥፎው አይለይም። የማንኛችንም እጅ በ4096 እና በ8192 መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል ብለን አናምንም። ሊታይ የሚገባው ሌላ ነው፤ ብዕሩን ሳይጫኑ በላባ ያህል ሲነኩት መስመር ያወጣል ወይስ አያወጣም? ቀጭን መስመር ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወፍር ይታዘዛል ወይስ በድንገት ይዘላል? ይህን ሱቁ ውስጥ ሰክቶ በሁለት ደቂቃ መሞከር ይቻላል፤ አላስሞክርም ካለ ሌላ ሱቅ ይኬዳል።

ስለ መጠኑም ያው ነው። ትንሹ የፖስታ ካርድ ያህል ነው፤ በእሱ ላይ የሚሳለው በእጅ አንጓ ነው። መካከለኛው 216 ሚሊ ሜትር በ135 ያህል ሲሆን ክንድን ያዝናናል፤ ረጅም መስመር ለሚስል እሱ ይሻላል። ከአምስቱ ሁለቱ መካከለኛ ቢሆኑ እኛ አንጠላም። የብዕሩ ጫፍ አላቂ ዕቃ ስለሆነ መለዋወጫው አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ጫፉ አንድ ጎኑ ተበልቶ ስለት ሲያወጣ ካልተቀየረ ሰሌዳውን ይጭረዋል። ከመካከላችን ሁለቱ ግራኞች ናቸው፤ ገመዱ ከክንዳቸው በታች እየገባ ሲያስቸግራቸው ከርሞ፣ ማስተካከያው ላይ ሰሌዳውን 180 ዲግሪ ማዞር እንደሚቻል ያወቅነው ዘግይተን ነው። ግራኝ ልጅ በየክፍሉ አይጠፋምና መምህር የሚሆን ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውድ ዕቃ ተቋማችን ሲመጣ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 አንድ ሰው ፈርሞ ይወስደዋል፤ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። የፈረመውን ሰው አንወቅሰውም። ቢሰበር የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ደመወዙ ደግሞ ይታወቃል። ታዲያ ሠልጣኝ መጥቶ “ታብሌቱን ይስጡኝ፣ ልለማመድ” ቢለው በምን ልቡ ይሰጠዋል? ባለ ስክሪኑ ከተገዛ እንግዳ ሲመጣ የሚወጣ፣ እንግዳው ሲሄድ የሚገባ ዕቃ እንዳይሆን እንሰጋለን።

ሒሳቡንም እንሥራው። በአንድ ክፍል 45 ሠልጣኞች አሉ እንበል፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። አንድ ታብሌት ብቻ ካለ ለአንዱ ሠልጣኝ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። አምስት ቢሆኑ ለዘጠኝ ሰው አንድ ይሆንና አራት ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል። ይህም ብዙ ነው አንልም፤ ግን ብዕር ይዞ ፊደል መጻፍ ያስጀምራል፤ የቀረውን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተራ ገብቶ ይለማመደዋል። አምስት ሰሌዳ አምስት ኮምፒዩተር ይፈልጋል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ኮምፒዩተሮቹ በኮምፒዩተር ክፍሉ አሉ፤ ትንሹ ሰሌዳ በዩኤስቢ ተሰክቶ ኀይሉንም ከዚያው ይወስዳል። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይሠራል። ባለ ስክሪኑ ግን በአብዛኛው የስክሪን ገመድ ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም የራሱ መብራት። የሥዕል ፕሮግራሙስ? ክሪታ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ነው፤ እኛም የምንሠራበት እሱ ነው። ኮምፒዩተር የሌለው ሠልጣኝ ደግሞ በኦቲጂ ማገናኛ ከስልኩ ጋር የሚሠሩ ሰሌዳዎች መኖራቸውን ይወቅ። ስልኩ ሲቆም የሰሌዳው ጥቂት ክፍል ብቻ እንደሚሠራ ግን አስቀድመን እንነግረዋለን።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን? ለጌጥ አይደለም። በማዘጋጃ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተሳለ የደም ዝውውር ሥዕል ተሰቅሏል። ከእኛ በፊት የነበረ ሠልጣኝ የሳለው ነው፤ እጁ ይባረክ፣ ልቡን አሳምሮ አውጥቶታል። ዳሩ ግን ቀለሙ ለቆ ቀዩም ሰማያዊውም ቡናማ ሆኗል። ደም ወሳጁ የቱ፣ ደም መላሹ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ ባለፈው ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ከእሱ የተገለበጠ ሥዕል ይዘን ሄደን ተማሪዎቹ ሁለቱንም በአንድ ቀለም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። የተሳሳቱት እነሱ አይደሉም፤ ያሳሳትናቸው እኛ ነን።

ያንን ሥዕል በስልክ ፎቶ አንሥተን ኮምፒዩተሩ ላይ አስገባነው፤ በላዩ ሌላ ገጽ ደርበን በብዕሩ መስመሩን አወጣነው። ቀለሙን በአንድ ገጽ፣ መስመሩን በሌላ፣ የክፍሎቹን ስም ደግሞ ለብቻው በሦስተኛው አኖርን። ጥቅሙ የታየን እዚህ ላይ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ከእኛም ከፊሎቹ በአማርኛ፣ ከፊሎቹ በአፋን ኦሮሞ ያስተምራሉ። በከረጢት ላይ ሲሆን ለእያንዳንዱ ቋንቋ ልቡን እንደገና መሳል ነው። በዚህ ግን ሥዕሉ ሳይነካ የስሞቹ ገጽ ብቻ ይቀየራል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሁለቱን ቋንቋ ጨርሰን አሳተምን።

ስንሳሳትም አልቀረንም። መጀመሪያ የጀመርነው በትንሽ ገጽ ስለነበረ ሲታተም ጠርዙ ሁሉ የመጋዝ ጥርስ ሆነ። ለኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ነጥብ አድርጎ መጀመር ያስፈልግ ነበር። ማተሚያችን ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሚያወጣም ቀዩና ሰማያዊው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ወጡ፤ ያው የከረጢቱ በሽታ! ስለዚህ ደም ወሳጁን በድፍን፣ ደም መላሹን በሰረዝ ሰረዝ አደረግነው። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ የተበላሸው ወረቀት ነው።

ማዳበሪያ ከረጢቱ ይጣል ማለታችን እንዳልሆነ ግን ይታወቅልን። አንዳንዶቻችን የምንመደብበት ትምህርት ቤት ማተሚያ ቀርቶ መብራት ላይኖረው ይችላል። እዚያ የሚያዋጣው ከረጢት፣ ቀለምና ብሩሽ ነው። በእርሳስ ክብ ማዞር የማይችል ሰውም በታብሌት አይችልም፤ ያቺ እንቁላል ፀሐይ ጥፋቷ የእጅ አለመሆኑን ያረጋገጥነው ወረቀት ላይ በእርሳስ አዙረን ክብ ስለወጣልን ነው። አንድ መምህር በስብሰባው ላይ “ሠልጣኙ እርሳስ መያዝ ይረሳል” ብለው የሰጉት ስጋት ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ታብሌቱን አለመግዛት ሳይሆን ሁሉም ሥዕል መጀመሪያ በወረቀት ላይ ተነድፎ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሰሌዳው አንድ ወረቀት በላዩ ቢነጠፍ ከሥሩ ሆኖ ብዕሩን ያነባል፤ ስለዚህ ንድፉን እዚያው ላይ አንጥፎ መከተል ይቻላል።

ጥያቄያችንን በጽሑፍ ለትምህርት ክፍሉ አቅርበናል። አምስት ሰሌዳ፣ ከእነሱ ሁለቱ መካከለኛ፣ ለእያንዳንዱ መለዋወጫ ጫፍ፤ አወጣጡም እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በሠልጣኙ መታወቂያ ይሁን ብለናል። መልሱ እስኪመጣ ያቺው የጓደኛችን ሰሌዳ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ በማዘጋጃ ክፍሉ ትገኛለች። ባለ ስክሪኑን የሚደግፉ መምህራንም መጥተው ቢሞክሯት ደስ ይለናል። በእርሳስ የተነደፈ ሥዕል ይዞ መምጣት ነው፤ ግራኝ የሆነ አስቀድሞ ይንገረን፣ ሰሌዳውን አዙረን እንጠብቀዋለን።