ለግብር መነሻ አለ፤ ለደመወዝ ወለል የለም



የጥበቃ ሠራተኛው፣ የሆቴል አስተናጋጇ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛዋ ወር ጠብቀው የሚቀበሉት ገንዘብ ከቤት ኪራይ ተርፎ ለጤፍና ለዘይት አልበቃ ብሏል። ይህ የመጣባቸው ስለሰነፉ ሳይሆን ሕግ ስላልጠበቃቸው ነው።

በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡትን ሦስት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጆች ብናገላብጥ፣ የግል ድርጅት ከዚህ በታች እንዳይከፍል የሚከለክል አንድም አሃዝ አናገኝም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 መንግሥት፣ ሠራተኞችና ሌሎች ባለድርሻዎች የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር፣ ሥልጣኑም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ደንግጓል። ሆኖም እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ በዚህ ድንጋጌ መሠረት የተወሰነ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ሠራተኛው ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ጥያቄውን በሰላማዊ ሰልፍ ሊያቀርብ ቢነሳ ሰልፉ ተከለከለ።

መንግሥት ወለል ማውጣት አቅቶት ነውን? በሚገባ ያውቅበታል! በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ ከ600 ብር በላይ ያለውን ደመወዝ ግብር አስከፍሏል፤ ይህን መነሻ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያደረገው በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር አሳደገ። እንግዲህ ሰው በ1,100 ብር መኖር እንደማይችል ያወቀ መንግሥት፣ የግል ድርጅት ሠራተኛውን ለገበያ ትቶታል። ለሚሰበስበው መነሻ አለው፤ ለሚጠብቀው ግን ወለል የለውም።

"ወለል ካወጣን ባለሀብት ይሸሻል" ይሉናል። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207 ዶላር ይከፈል ነበር። ሁለቱም አገሮች የደመወዝ ወለል አላቸው፤ ሁለቱም ልብስ ሰፍተው ለዓለም ይሸጣሉ። በሐዋሳ ግን ሠራተኞች በብዛት ሥራ እየለቀቁ ይሄዱ እንደነበር ያው ጥናት መዝግቧል። ዛሬ አሠልጥኖ ነገ ሠራተኛ የሚያጣ ፋብሪካ ምን አተረፈ?

በሌላ በኩል አሃዝ በነጋሪት ጋዜጣ ማተም ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ተቆጣጣሪ የሌለው ወለል ከወረቀት አያልፍም፤ በፔሮል አንድ፣ በእጅ ሌላ ይከፈላል። ስለዚህ ፓርቲያችን የሚከተለውን ቃል ይገባል፦

1. የደመወዝ ቦርዱ ወለሉን የሚወስንበትን ጥናት ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል፤ ወለሉም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ተገናዝቦ ይከለሳል። ኬንያ እንደምታደርገው የከተሞች የኑሮ ልዩነት ይታያል።

2. ደመወዝ በባንክ ይከፈላል፤ ክርክር ሲነሳ በትክክል መክፈሉን የማስረዳት ሸክም በአሠሪው ላይ ይሆናል።

3. በኤጀንሲ ለሚቀጠሩ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች ኤጀንሲውና አገልግሎቱን የሚገዛው ድርጅት በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሆናሉ።

4. የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ስንት ድርጅት እንደጎበኙ፣ ስንት ጥፋት እንዳገኙ፣ ለሠራተኛው ስንት ብር እንዳስመለሱ በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ይቀርባል። ቅጣቱም አሠሪው ካስቀረው ገንዘብ በላይ ይሆናል።

5. አዋጆቹ "በደንብ ይወሰናል" ብለው ያለፏቸው የቤት ሠራተኞች ከወለሉ ውጭ አይቀሩም።

6. የዓለም ሥራ ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን የደመወዝ ወለል ስምምነት ቁጥር 131 ለማጽደቅ እንሠራለን።

መራጮች ሆይ! ሊመርጧችሁ ደጃችሁ የሚመጡትን የየትኛውም ፓርቲ ዕጩዎች፣ የኛንም ጨምሮ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ወለሉ ስንት ነው? ማንስ ይቆጣጠረዋል?" ለሁለቱም መልስ የሌለውን አትምረጡ። ላባችሁ ዋጋ አለው፤ ድምፃችሁም እንዲሁ።