ወረቀቱ ላይ የጎደለው መስመር

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት የጡት ካንሰር ይዟታል ከተባለ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል እንጂ ስሙ አይጠራም። ከዚያ ወሬው ይከተላል። አንዷ «የወሊድ መከላከያው መርፌ ነው ያመጣባት» ትላለች። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። ሦስተኛዋ «ቢላ ከነካው ይበተናል፣ እንዳታስነኪው» ብላ ታስፈራራታለች። ሕይወቷን ሊያተርፍ የሚችለውን ጥያቄ ግን የሚጠይቅላት የለም፤ ካንሰሩ የሆርሞን ተቀባይ አለው ወይስ የለውም? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በዋናነት ከሴቷ እንቁላል ማምረቻ ይመነጫል። የወር አበባዋ ሲቋረጥ ደግሞ የሰውነቷ ስብ በመጠኑም ቢሆን ማምረቱን ይቀጥላል። በጉርምስና ጡቷን ያሳደገው እሱ ነው። በጡት ሴል ውስጥ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሆርሞኑ እሱ ላይ ሲያርፍ ሴሉ ተባዛ የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ብዙ የጡት ካንሰር ይህንን ተቀባይ እንደያዘ ስለሚቀር የሴትየዋ የገዛ ሆርሞን ያፋፋዋል። ታሞክሲፈን የሚባለው እንክብል፣ ገበያ ቀን በማለዳ መጥቶ መደብ እንደሚይዝ ነጋዴ፣ ቀድሞ ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል፤ ሆርሞኑ ሲመጣ ቦታ ያጣል። መጠኑ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፤ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወሰዳል። ካንሰራቸው ተቀባይ ካለው ሴቶች መካከል ለ5 ዓመት የወሰዱት፣ በ15 ዓመት ውስጥ በዚህ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ሲሶ! ይህ የሰው ነፍስ ነው።

እውቀቱም ትናንት የመጣ አይደለም። እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ጦስ አድዋ ላይ በደም በተወራረደበት በ1888 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ቢትሰን የሚባል የግላስጎው ሐኪም የእንቁላል ማምረቻ ሲወጣ የጡት ካንሰር ሊሟሽሽ እንደሚችል ጽፎ አሳትሟል። ታሞክሲፈን እንግሊዝ አገር ለታማሚዎች የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

«የጥቁር ሴት ካንሰር ተቀባይ የለውም፣ ለሆርሞን ሕክምና ምላሽ አይሰጥም» የሚል አጉል ድምዳሜ ከውጭ ተቀድቶ ሲነገር ሰምቻለሁ። የእኛ ሴቶች ናሙና ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 አዲስ አበባ ላይ ከ352 ታማሚዎች የተወሰደ ናሙና ሲመረመር 65 በመቶው የኤስትሮጅን ተቀባይ ተገኝቶበታል። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ማለት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙ፣ 9 ሺህ ገደማ እንደሞቱ ይገመታል። ብዙዎቹ ገና በ40ዎቹ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስንቷ ናት ተቀባይሽ ተመርምሯል የተባለችው?

ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወደ ተሁለደሬ የተመለሰች ዘመዴን ልጠይቅ ሄድኩ። ወረቀቶቿን በፌስታል አድርጋ፣ አፉን ቋጥራ፣ ከአልጋዋ ራስጌ አኑራቸዋለች። ፈትቼ አነበብኩ። የዕጢው መጠን አለ። የብብቷ ንፍፊት ተጽፏል። ስለ ተቀባይ ግን አንድ መስመር የለም።

«እቴ፣ ስለ ሆርሞን ምን አሉሽ?»

«ምንም ወንድምዓለም። ጨርሰሻል፣ ሂጂ ነው ያሉኝ።»

አልጨረሰችም! ካንሰሩ ተቀባይ ካለው ሕክምናዋ ገና እኩሌታ ላይ ነው። ይህን የሚነግራት ሰው በማጣቷ ደሜ ፈላ።

መርፌውን ለሚኮንኑትም መልስ አለኝ። ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ በሚወሰድበት ጊዜ የጡት ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል፤ ይህ አይካድም። መጠኑ ግን ይታወቅ። ዴንማርክ ውስጥ 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ያገኘው ጭማሪ በዓመት ከ7,700 ገደማ ተጠቃሚዎች አንድ ሴት ነው። መርፌ በእጇ ያልዞረ ስንት የገጠር እናት በዚህ በሽታ አልቃለች! መውለድና ማጥባት ዕድሉን ይቀንሳሉ፤ ጨርሰው ግን አይከላከሉም። ስድስት ልጅ ወልዳ ያጠባችን ሴት «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው።

እንክብሉን ያገኙትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ያቋርጡታል። ሕመም ስለማይሰማቸው ድነናል ይላሉ። ሰውነታቸው በድንገት ይግላል፣ የወር አበባቸው ይዛባል፤ ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን የነገራቸው የለም። መድኃኒቱ እየተወሰደ ማርገዝ ስለማይፈቀድ የባል ቤተሰብ ያጉረመርማል። ሲያልቅባቸው ደግሞ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንዳያቋርጡት ግን የሃይማኖት አባቶች ሊያግዙ ይችላሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚሳለሙትም፣ ለዱዓ ወዳጃ የሚቀመጡትም የእኔው ወገኖች ናቸው፤ እምነታቸውን አልነካም። ካህናቱንና ሼሆቹን ግን እለምናለሁ፤ ጸሎታችሁን አድርጉላት፣ ዱዓውንም አድርጉላት፣ ከዚያ «እንክብልሽን ዋጥሽ ወይ?» በሏት። ከእናንተ አፍ ከወጣ ትሰማለች።

ለጤና ቢሮ ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። የጡት ናሙና ያለ ተቀባይ ምርመራ ተጠናቀቀ አይባል። ምርመራው በማይደረስበት ቦታ ሐኪሙ አመዛዝኖ ታሞክሲፈን ሊጀምርላት እንደሚችል ለድሃ አገሮች የወጡ መመሪያዎች ይፈቅዳሉ፤ ይህ ለእያንዳንዱ ሐኪም ይነገር። እንክብሉ ከደሴና ከሐይቅ መደርደሪያ አይጥፋ፣ በማኅበረሰብ ጤና መድንም ይሸፈን። 5 ዓመት የሚዋጥ መድኃኒት ለአንድ ወር ሲጠፋ የሴትየዋ ከለላ ይሳሳል።

ቤታችሁ ጡቷን የታከመች እናት፣ እህት ወይም ሚስት ካለች ደግሞ ወረቀቷን ዛሬውኑ አውጡና ተቀባይ የሚለውን ፈልጉ። ከሌለ አልመሸም፤ ከጡቷ የተወሰደው ናሙና በፓራፊን ሰም ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ከዓመታት በኋላም ሊመረመር ይችላል። የሠራውን ላቦራቶሪ ሄዳችሁ «ናሙናችንን ስጡን» በሉ።