ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ፦ የወጣቶች ልብ ወለድና የቃላት ዕውቀት በመካነ ሰላም አካባቢ

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚገጥመው ትልቁ ፈተና የቋንቋ ፈተና ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተደነገገ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚማሩበት ዕድል ቢሰፋም፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱን ቀጥሏል። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር የቆየ ልጅ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ታሪኩንም በዚያው ቋንቋ እንዲረዳ ይጠበቅበታል። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረና፣ የወግዲ፣ የአማራ ሳይንትና የለጋምቦ ደጋዎች ይህ ሽግግር ይበልጥ ይከብዳል፤ ከመማሪያ ክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰማበትና የሚነበብበት አጋጣሚ ጥቂት ነውና።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በቋንቋ ብቻ ማሳበብ አይገባም። ሆኖም የጥያቄውን ቃላት ያልተረዳ ተማሪ ዕውቀቱን ለማሳየት እንኳ ዕድል እንደማያገኝ ግልጽ ነው።

ለዚህ ችግር ሁለት መድኃኒቶች በተለምዶ ይታዘዛሉ። አንደኛው የቃላት ዝርዝር ነው፤ ተማሪው በደብተሩ በግራ በኩል እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ በኩል አማርኛውን ጽፎ ይሸመድዳል። ሁለተኛው «ልብ ወለድ አንብቡ» የሚለው ምክር ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለተኛው መድኃኒት ትክክለኛ ሆኖ ሳለ መጠኑ ሳይለካ እየታዘዘ ነው የሚል ነው። ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ የቃላት ዕውቀትን የሚያሳድገው ከአንባቢው ደረጃ ጋር ሲመጣጠን ነው፤ ደረጃውም በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ መጀመር ይኖርበታል።

የደረጃ ሐሳብ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ይገስሳል፤ ይህም በዛሬው አነጋገር የቃላት ጥናት ነው። ነገር ግን መምህሩ በግሱ ብቻ አያቆመውም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና አስጀምሮ፣ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን እያሳለፈ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ያደርሰዋል። ትናንት የተገሰሰው ቃል ዛሬ በቅኔው ውስጥ ሥራ ያገኛል። በወሎ የቁርአን ቤቶችም ልጁ ከፊደል ወደ አጫጭር ሱራዎች፣ ውሎ አድሮም ወደ ኪታብና ወደ ነህው ይሸጋገራል። በሁለቱም ወግ ጀማሪውን ከላይኛው እርከን የሚያስጀምር መምህር የለም። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ግን ይህን ጥበብ ብዙ ጊዜ ዘንግቶታል፤ ግሱን ይዞ ጉባኤ ቃናውን ትቷል።

ደረጃ ለምን ወሳኝ እንደሆነ በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። ሁና ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንድ የልብ ወለድ ጽሑፍ ቃላት ውስጥ 80 በመቶውን ብቻ ከሚያውቁት አንባቢዎች አንድም ታሪኩን በበቂ ሁኔታ የተረዳ አልተገኘም። በ90 እና በ95 በመቶ የተረዱት ጥቂቶች ነበሩ። ያለ ረዳት አንብቦ ለመረዳት 98 በመቶ ያህሉን ቃል ማወቅ እንደሚያስፈልግም ደምድመዋል። ይህ በገጽ ሲመነዘር ትርጉሙ ይጎላል። አንድ ገጽ 250 ቃላት አሉት ቢባል፣ 98 በመቶውን የሚያውቅ አንባቢ የሚገጥሙት የማያውቃቸው ቃላት አምስት ናቸው፤ ከዐውዱ ሊገምታቸው ይችላል። 80 በመቶውን የሚያውቅ ግን በየገጹ 50 እንግዳ ቃላት ይጠብቁታል። እርሱ የሚያደርገው ንባብ ሳይሆን መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ መጽሐፉን ቢከድነው ሰነፍ ሊባል አይገባም።

«ለወጣቶች የተጻፈ» የሚለው መለያ የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድ፣ ለዚያ ልጅ ቀላል የሆነው ቃላቱ ጥቂት ስለሆኑ አይደለም፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይገባ በፊት ብዙ ሺህ ቃላትን በጆሮው ስለለመደ ነው። ዌብና ማካሊስተር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ፈትሸው፣ ለልጆች የተጻፉ ጽሑፎች ለሁለተኛ ቋንቋ አንባቢ ከአዋቂዎች ጽሑፍ ብዙም የማይቀልሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። በውጭ አገር ልጆች ተነብበው በእርዳታ የሚመጡ መጻሕፍት መደርደሪያ ቢሞሉም የአንባቢን ቁጥር ላይጨምሩ የሚችሉት ስለዚህ ነው። ከእነዚህ ይልቅ ለቋንቋው ተማሪዎች ተብለው በተወሰኑ ቃላት የተጻፉ መጻሕፍት ይሻላሉ። ለአብነት የኦክስፎርድ ቡክዎርምስ ተከታታይ መጻሕፍት በመጀመሪያው ደረጃ በ400 መሠረታዊ ቃላት ጀምረው በስድስተኛው 2,500 ይደርሳሉ። የጉባኤ ቃናና የመወድስ ሥርዓት በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው።

የተመጠነ መጽሐፍ በገጠር ትምህርት ቤት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከፊጂ የተገኘው ማስረጃ ያሳያል። ኤሊና ማንጉብሃይ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ የገጠር ልጆች በየክፍሉ 250 ያህል ማራኪ የታሪክ መጻሕፍት ቀረቡላቸው። እነዚህ ልጆች በተለመደው መንገድ ከተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ በንባብ እጥፍ ያህል ፈጥነው አደጉ። ፊጂ ደሴት፣ ቦረና ደጋ ናት፤ ውጤቱ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ነገር ግን የተገኘው ለውጥ ውድ መሣሪያ ሳያስፈልገው፣ ልጆቹ ሊያነቡት በሚችሉትና ሊያነቡት በሚፈልጉት መጽሐፍ መምጣቱ ለደሃ ወረዳ ትልቅ ትርጉም አለው።

ታዲያ ደረጃው ለምን በአማርኛ ይጀምራል? አንደኛ፣ ከዐውድ ተነሥቶ የቃልን ፍቺ መገመት የሚለመድ ክሂል ነው፤ የሚለመደውም አብዛኛው ቃል በሚታወቅበት ቋንቋ ነው። በጎች ሲጠብቅ ያደገ የደጋ ልጅ ለውርጭ፣ ለጓሳ፣ ለገብስ ዓይነትና ለዝምድና የቃላት ሀብታም ነው። ጸጸት፣ ጥርጣሬ፣ ተቃርኖ፣ ቅድመ ሁኔታ የሚሉትን ግን ከጎረቤት ጨዋታ ይልቅ ከመጽሐፍ ያገኛቸዋል። ሐሳቡን በአማርኛ ያልጨበጠ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ቃል ቢሸመድድ የሚይዘው ባዶ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ የታወቀ ዓለም ያልታወቀን ቃል ይፈታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለወጣቶች ብቻ የተጻፈ ባይሆንም፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከቦረና በዓባይ ማዶ ባለው በጎጃም ነው። የገበሬውንና የባላባቱን ኑሮ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳው ቃል በሚታወቅ ሁኔታ ውስጥ ይመጣለታል። ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው ብዙ አድማጭ ማግኘቱ፣ ሕዝቡ ረጅም ታሪክ ለመከታተል ትዕግሥት እንደማያንሰው ይመሰክራል። ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሳቸው የስለላ ታሪኮችም ጥሩ ታሪክ አንባቢን በራሱ እንደሚስብ አሳይተዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ ልብ ወለድ የትምህርት ቃላትን አያስተምርም የሚለው ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው። ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያዘጋጀችው የ570 የቃል ቤተሰቦች ዝርዝር ከአካዳሚያዊ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ሲሸፍን፣ ከልብ ወለድ የሚሸፍነው 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ልብ ወለድ ብቻ ያነበበ ተማሪ የኬሚስትሪን መጽሐፍ በቀላሉ ይረዳል ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት የአካዳሚያዊው ጽሑፍ ሦስት አራተኛ ያህል የተሠራው በተለመዱት 2,000 የቃል ቤተሰቦች መሆኑ ተመልክቷል። ልብ ወለድ አብዝቶ የሚደጋግመው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ የቤቱ መሠረትና ግድግዳ ነው፤ የትምህርት ቃላት ጣሪያው ናቸው። ግድግዳ በሌለበት ጣሪያ ማቆም እንደማይቻል ሁሉ፣ መሠረታዊውን ቃል ያልያዘን ተማሪ በአካዳሚያዊ ዝርዝር ማስጨነቅ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ የቃላት ዝርዝር ይጣል ማለት አይደለም። ዝርዝሩ ቃሉን ያስተዋውቃል፤ ንባቡ ያወዳጃል። ቅኔ ቤቱም ግሱን አልጣለም።

ሌላው ተቃውሞ ጊዜ ነው፤ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ ልብ ወለድ የሚያነብበት ፋታ የለውም ይባላል። በአማራ ክልል ግን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በግጭት ሳቢያ ትምህርት በብዙ ስፍራ ደጋግሞ ተቋርጧል። ክፍል ሲዘጋ ትምህርቱ የሚቀጥለው ተማሪው ቤቱ ይዞት በሄደው ነገር ነው። መምህርና መብራት የሚፈልግ ዘዴ በዚያን ጊዜ ይቆማል፤ ደረጃው የተመጠነለት መጽሐፍ ግን አይቆምም። መጽሐፉ ከደረጃው በላይ ከሆነ ደግሞ የሚያስረዳው ሰው በአጠገቡ ስለሌለ ከነጭራሹ አይከፈትም። የደረጃ ጉዳይ በሰላሙ ጊዜ ጠቃሚ ከሆነ በችግሩ ጊዜ ግዴታ ነው።

ይህን ወደ ሥራ ለመለወጥ ቅርብ የሆኑት በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲና ደሴ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሉት ሦስቱ ተልእኮዎች በዚህ ጉዳይ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው እርምጃ መለካት ነው፤ የአካባቢው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ እንደሚገባ በደረጃ ፈተና ሊታወቅ ይገባል። ሁለተኛው መደርደሪያውን መለየት ነው፤ በትምህርት ቤቶቹ ያሉት መጻሕፍት በተማሪው የቃላት መጠን ተመዝነው በየእርከናቸው ይቀመጡ፤ የአማርኛዎቹም የመጀመሪያውን ስፍራ ይያዙ። ሦስተኛው መጻፍ ነው። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎች የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተባብረው፣ በተወሰኑ ቃላት፣ ከአካባቢው ሕይወት የተቀዱ ታሪኮችን በሁለቱም ቋንቋዎች ቢያዘጋጁ፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮና የመካነ ሰላም ገበያ ለልጁ ከሩቅ አገር ታሪክ ይልቅ ቃል ያስይዙታል። አራተኛው ውጤቱን መከታተል ነው፤ ያነበቡትና ያላነበቡት ተማሪዎች ከንባቡ በፊት፣ እንዳበቃና ከወራት በኋላ ቢፈተኑ የተያዘውና የተረሳው ቃል ይለያል።

ከእነዚህ ሥራዎች ለአንዱም ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለአንድ ተማሪ መጽሐፍ ከመስጠት በፊት «ከዚህ ገጽ ላይ ስንቱን ቃል ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ እስካልተጠየቀ ድረስ «አንብቡ» የሚለው ምክር ጉባኤ ቃና ላልጀመረ ልጅ መወድስ እንደማዘዝ ይቆጠራል፤ ልጁ ሲያቅተውም ጥፋቱ የሚቆጠረው በእርሱ ላይ ይሆናል።