ዶሮዋ ለቤታችን፣ ሱቃችን ለሕጉ

ይህ አምድ እንደሚታወቀው ስለ ሞምስ፣ ስለ ኤፍ-ስካት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ዜግነት የምንነጋገርበት ነው። ዛሬ ግን ስለ ዶሮ እናውጋ። ዶሮን ከሂሳብ ሠራተኛ ጋር ምን አገናኛት ቢሉ፣ ራሷ ቢሮዬ ድረስ መጥታ ነው። የደንበኞቼን ደረሰኝ ሳገላብጥ በታክሲ ጎማና በመኪና እጥበት ደረሰኝ መካከል የ20 ኪሎ የዶሮ መኖ ደረሰኝ ማግኘት ለምጃለሁ። ከባለሱቆችም በኩል "ሰዉ የሀበሻ እንቁላል እያለ ይጠይቀኛል፤ ከወዳጄ ጓሮ እያመጣሁ ብሸጥለት ምን አለበት?" የሚል ጥያቄ ይመጣልኛል።

መልሴን ሳላዞር ልንገርዎ። ግቢ ካለዎት ዶሮ ያርቡ፤ መልካም ነገር ነው። ዶሮዋ ግን ለቤትዎ ትሁን። ወደ ሱቁ መደርደሪያና ወደ ታክሲው የሂሳብ መዝገብ የገባች ዕለት ከምታስገኝልዎ የምታሳጣዎ ይበዛል። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሠፈራችን ለእርሻ ሥራ እንግዳ አይደለም። ዛሬ ፎቅ የሞላበት የሄሰልቢ ጎርድ አካባቢ የምድር ባቡሩ ጣቢያ በ1956 እስኪከፈት ድረስ በአመዛኙ የእርሻ መሬት ነበር። ሄሰልቢ ቪላስታድ ደግሞ ለስቶክሆልም ገበያ አትክልትና አበባ በሚያቀርቡ አትክልተኞች የታወቀ ነበር። ስለዚህ ጓሮው ላይ ጎመንና በሶብላ ዘርቶ ሦስት አራት ዶሮ የሚያስከትል ወገን ከቦታው ታሪክ ጋር አልተጣላም።

ዘመኑ ግን የምዝገባና የፈቃድ ነው። ዶሮ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት በር ያንኳኩ። አንደኛው የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ ሚልየፈርቫልትኒንገን የሚባለው ነው። የአገሪቱ ሕግ ዝርዝር ፕላን በወጣለት ሠፈር ውስጥ ዶሮ፣ በግ፣ ፍየልና የመሳሰለውን ለማርባት ፈቃድ እንዲጠየቅ የማድረግ ሥልጣን ለኮሙኑ ሰጥቶታል። የእርስዎ ግቢ ምን እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀብለው ያስቀምጡ። ሁለተኛው በር የግብርና መሥሪያ ቤቱ ዩርድብሩክስቬርኬት ነው። የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት ጤና ሕግ በ2021 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ጥቂት ዶሮ ብቻ ያለው ሰውም ቦታውን ማስመዝገብ አለበት።

ይህ ሁሉ ቁጥጥር ለሦስት ዶሮ ነው ወይ? ይሉ ይሆናል። ነገሩ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በ2021 መጀመሪያ በሽታው ሞንስቴሮስ ውስጥ አንድ ትልቅ የእንቁላል እርሻ ገብቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዲወገዱ ሆኗል። የዱር ወፍ በሽታውን ወደ ጓሮም ማምጣት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ የጥንቃቄ ደረጃውን ከፍ ባደረገ ጊዜ የጓሮ ዶሮም ጣራ ሥር መዋል አለባት፤ ማን ዶሮ እንዳለው ካልታወቀ ደግሞ ማስጠንቀቂያው አይደርስም።

ስለ አውራ ዶሮ አንድ ቃል። እንቁላል ለማግኘት አውራ አያስፈልግም። በአገራችን አውራ ዶሮ የሠፈር ሰዓት ነበር። በስቶክሆልም ግን በሰኔ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ገና ጋደም ያለ የታክሲ ሾፌር ጎረቤት ካለዎት፣ አውራውን ማስቀረት ከብዙ አቤቱታ ያድናል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ዋጋ ስሌት ያስተማረኝ ትልቁ ነገር "ከቤት የወጣ ነገር ነፃ ነው" የሚለውን አነጋገር አለማመን ነው። ለአብነት አምስት ዶሮ እንያዝ። አንዲት ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ብትበላ፣ አምስቱ በዓመት 219 ኪሎ ይበላሉ። ኪሎውን በ10 ክሮነር ብናስበው 2190 ክሮነር ነው። ቤታቸው 6000 ክሮነር ቢፈጅና ለ5 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 1200 ይሆናል። ለጉዝጓዝ፣ ለክረምት መብራትና ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ለሚደረገው 600፣ ዶሮዎቹን ለመተካት በዓመት 400 ብንጨምር ድምሩ 4390 ክሮነር ነው። አምስቱ በዓመት 1000 እንቁላል ቢጥሉ አንዱ እንቁላል 4 ክሮነር ከ39 ኦሬ ወጣበት ማለት ነው። በየዕለቱ ግማሽ ሰዓት ቢሠሩ በዓመት ከ180 ሰዓት በላይ ነው፤ እሱን አላሰብኩም። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ስለሆነ በራስዎ ደረሰኝ ይተኳቸው። ውጤቱን ሲያዩ ግን ዶሮዋ ደስታ እንጂ ገቢ አለመሆኗን እንደሚስማሙበት እገምታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ዶሮ የምትጥለው በብርሃን ነው። በእኛ አገር ቀኑና ሌሊቱ ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ ጉዳዩን አናስተውለውም። እዚህ በታኅሣሥ ጨለማ ብዙዎቹ መጣል ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ። ቀኑ ሲረዝም በመጋቢት በብዛት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ደግሞ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ደንበኛችን በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላል የማይቀምስበት ነው። አቅርቦቱ ሲሞላ ገበያው ፆም ላይ ነው ማለት ነው። ለቤት ከሆነ ችግር የለውም፤ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንቁላል ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ይደርሳል። ለንግድ ግን መጥፎ ሂሳብ ነው።

ከሁሉ በላይ እንዲጠነቀቁ የምፈልገው ስለ ፍርፋሪ ነው። በአገራችን የገበታ ትርፍ የዶሮ ቀለብ ነው፤ እንጀራ መጣል ነውር ስለሆነ ለዶሮ መስጠት እንደ ጽድቅ ይቆጠራል። እዚህ ግን በወጥ ቤት ያለፈ ምግብ ለዶሮ መስጠት ክልክል ነው፤ ክልከላው ለሽያጭ ሳይሆን ለቤታቸው የሚያረቡትንም ይመለከታል። በ2001 እንግሊዝ አገርን ያመሰው የአፍና የእግር በሽታ በአንድ የአሳማ እርባታ በደንብ ካልተቀቀለ የምግብ ትራፊ እንደተነሣ ታምኖበታል። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ በሩን ዘግቷል። ምግብ ቤት ያለዎት ወገኖች የማታውን ትርፍ እንጀራ ለወዳጅ ዶሮ ማሸከም ለሁለታችሁም አይበጅም። ከራስዎ መደብ በቀጥታ የተቀጠፈ ጎመንና ሣር ግን ይችላሉ።

ወደ ባለሱቁ ጥያቄ እንመለስ። ጥቂት ዶሮ ያለው ሰው እንቁላሉን ከቤቱ ደጃፍ ለሚበላው ሰው በቀጥታ መሸጥ ይፈቀድለታል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው ግን በተፈቀደለት የእንቁላል ማሸጊያ በኩል ያለፈና ማህተም ያለበት መሆን አለበት። በማህተሙ የመጀመሪያ ቁጥር 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ውጭ የምትለቀቅ፣ 2 ቤት ውስጥ ያለ ኬጅ የምትኖር፣ 3 የኬጅ ዶሮ ማለት ነው፤ ከዚያ የአገሩ ምልክትና የአምራቹ ቁጥር ይከተላል። ስዊድኖች በዚህ ጉዳይ የጠነከሩት በከንቱ አይደለም። በ1953 ከአልቬስታ ቄራ በወጣ ሥጋ የተነሣ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ወደ 9000 ሰው ታሞ ወደ 90 ሰው ሞቷል። የዛሬው የሳልሞኔላ ቁጥጥር መነሻው ያ ሐዘን ነው፤ አገሪቱ በ1995 ወደ አውሮፓ ኅብረት ስትገባም ይህን ቁጥጥር አሳልፋ አልሰጠችም። ማህተም የሌለው እንቁላል በሱቅዎ ሲገኝ ተቆጣጣሪው የሚያየው የአገር ልጅ መተጋገዝን ሳይሆን ምንጩ የማይታወቅ ምግብ ነው።

የግብሩም ነገር ቀላል አይደለም። ለዶሮ የገዙት መኖ የቤት ወጪ ነው፤ በታክሲው መዝገብ ሊገባ፣ ሞምሱም ሊቀነስ አይችልም። ከእንቁላል ሽያጭ ወጪው ተቀንሶ ትርፍ ከተገኘ በሆቢ ሥርዓት ቲ2 በተባለው ቅጽ ያሳውቃሉ። ኪሳራ ቢሆን ከታክሲው ገቢ ላይ አይቀነስም፤ በሚቀጥሉት 5 ዓመታት ከዚያው ከዶሮው ትርፍ ላይ ብቻ ነው የሚቀናነሰው። ሥራው በራስዎ ኃላፊነት፣ በቀጣይነትና ለትርፍ የሚካሄድ ከሆነ ግን ንግድ ነውና እንደ ማንኛውም ንግድ ይመዘገባል።

"ለጥቂት ክሮነር ማን ይመረምረኛል?" አይበሉ። የመኖው ደረሰኝ በመዝገብ ውስጥ 7 ዓመት ይቀመጣል። አንድ የተሳሳተ ደረሰኝ ያገኘ መርማሪ ሌላውንም ያገላብጣል። የታክሲ ፈቃድ ያለው ሰው ግብሩን በአግባቡ መክፈሉ ይታያል፤ ዜግነት የጠየቀ ሰውም አኗኗሩ፣ ጥፋቱና ያልከፈለው ዕዳ ይመዘናል። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ያሉት አበው እንዲህ ላለው ነው።

እርዱንም ላንሣ፤ በዓል ሲመጣ የሚረሳ ነውና። ከ2019 ጀምሮ በሚሠራበት የእንስሳት ጥበቃ ሕግ መሠረት ዶሮ ደሟ ከመፍሰሱ በፊት ራሷን እንድትስት መደረግ አለባት፤ ለቤት ፍጆታ ቢሆንም። በልማዳችን ቢላውን ስለን በጸሎት የምናርደው አስተራረድ ይህን ካላሟላ ከሕግ ውጭ ነው። ከአስተራረዱ ጋር የማይስማማ ሰው ዶሮዋን ለእንቁላል ያቆይ፤ የበዓሉን ሥጋ ከሱቅ ይግዛ።

አንዳንዱ ወገን "እናቶቻችን እንቁላል ሸጠው ደብተር ገዝተውልን አድገናል፤ አንተ ደግሞ ቅጽ ታበዛለህ" እንደሚለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ያደግነው በዚያ ነው። ነገር ግን ያች ዶሮ የራሷን ቀለብ ጭራ የምትፈልግ፣ በዓመት 50 እንቁላል ገደማ የምትጥል ነበረች፤ ወጪ የላትም ነበር። ዛሬ በአገራችንም ነገሩ ተለውጧል። በ2022 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት እንቁላልንና ዶሮን ከዋና ግቦቹ መካከል አድርጓል፤ ትርፍ ለማግኘት የሚያረባውም ክትባት፣ የተመጠነ መኖና የወጪ መዝገብ ይዞ ነው።

እንግዲህ የሀበሻ ዶሮና እንቁላል ገበያ አለ ብለን ካመንን በጓሮ ተደብቀን አንጀምረው። እቁብ የምንጥል ሰዎች ነን፤ በገንዘብ መተማመንን ማንም አያስተምረንም። በስዊድን ሕግ ሦስት አባላት ካሉ ኤኮኖሚስክ ፈሬኒንግ የሚባለውን የኅብረት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። አሥር ባለሱቆችና ባለታክሲዎች ተሰብስበው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ጋር ቢዋዋሉ፣ እንቁላሉ በማሸጊያ፣ ሥጋው በተፈቀደ ቄራ ቢያልፍ፣ ሱቆቻችን ከፍ ባለ ዋጋም ቢሆን በልበ ሙሉነት ሊሸጡት ይችላሉ። ያን ጊዜ የመኖው ደረሰኝ በትክክለኛው መዝገብ ይገባል፤ እኔም በደስታ እመዘግበዋለሁ።

እስከዚያው ግን ዶሮዎን ያስመዝግቡ፤ ልጆችዎ እንቁላሉን ይልቀሙ፤ የተረፈውን ጎረቤትዎን ያቅምሱበት። ለሱቅዎ ማህተም ያለበትን ይግዙ። ዓመታት ደክመው ያገኙትን ፈቃድ በአንድ ትሪ እንቁላል አይለውጡት።